መልስ ያልመጣላቸው ደብዳቤዎች

ጠይቆ ማወቅ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። ዳኛ ምስክሩን ይጠይቃል፤ ነጋዴ የገበያውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ሐኪምም በሽተኛውን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ ሳይጠይቅ መድኃኒት አያዝም። በዘመናችን ግን ሐኪሙ ራሱ የሚጠየቅበት ጊዜ በዝቷል። መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመድኃኒት ነጋዴና የርዳታ ማኅበር እያንዳንዳቸው የጥያቄ ወረቀት አሳትመው፣ በፖስታ አሽገውና ቴምብር ለጥፈው ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለጤና ረዳቶች ይልካሉ። ጥያቄው ብዙ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ጥያቄው አይበዛም። በዛሬው ጽሑፋችን ልናመለክት ያሰብነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም መልስ ያልመጣላቸው ደብዳቤዎች እንዳልተላኩ ሆነው ሊረሱ እንደማይገባ፣ በመዝገብም ላይ መልስ ከመጣላቸው ጋር እኩል ሊጻፉ እንደሚገባ ነው።

ይህ ነገር የሐኪሞች ጉዳይ እንጂ የአስተዳዳሪና የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ብሎ ያስብ። በምጽዋ ወደብ ዕቃውን የሚረከብ ነጋዴ የወረደለትን ከረጢት ብቻ ቈጥሮ «ሙሉ ነው» አይልም። በመርከቡ ላይ የተጫነውን ዝርዝር በእጁ ይዞ ከወረደው ጋር ያመሳክራል፤ የጐደለም ቢኖር የት እንደ ቀረ ይጠይቃል። አንድ ሹም ግን 1,000 የጥያቄ ወረቀት ልኮ 400 መልስ ቢቀበል፣ ብዙ ጊዜ 400ውን ብቻ ደምሮ «የአገሩ ሐኪሞች አሳብ ይህ ነው» ብሎ ለበላዩ ያስታውቃል። 600ው የት ቀሩ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ነጋዴው በጨው ከረጢት ላይ የማይሠራውን ስሕተት እኛ በሰው ጤና ላይ እንሠራዋለን ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ትሆነን ዘንድ ናይሮቢን መርጠናል፤ የምሥራቅ አፍሪቃ የሕክምና ጥያቄና መልስ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዚያች ከተማ ይገናኛልና። የሐኪሞቹ መጽሔት በ1923 ዓ.ም. «የኬንያ የሕክምና መጽሔት» ተብሎ በዚያ ተመሠረተ፤ በ1932 ዓ.ም. «የምሥራቅ አፍሪቃ የሕክምና መጽሔት» ተባለ። በአውሮፕላን እየበረሩ የሚያክሙት ሐኪሞች ማኅበር፣ ዛሬ አምሬፍ የሚባለው፣ በ1957 ዓ.ም. በናይሮቢ ተቋቋመ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1967 ዓ.ም.፣ ኬምሪ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሕክምና ምርምር ድርጅትም በ1979 ዓ.ም. ተከተሉ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ቤቶች የሚወጣው ጥያቄ ወደ መላው አገር ይበተናል፤ የሚመለሰውም መልስ ወደ እነርሱ ይሰበሰባል።

ለሐኪሞች የተላከ ደብዳቤ ምን ያህል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል በዚሁ በምሥራቅ አፍሪቃ የታየ ታሪክ አለ። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ፣ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ክፉ ዕጢ ተመለከተ፤ በ1958 ዓ.ም.ም ስለዚሁ በሽታ ጽፎ አሳተመ። በሽታው እስከ የት ድረስ እንደሚገኝ ለማወቅ በፈለገ ጊዜ ለምርምሩ ያገኘው ገንዘብ 25 ፓውንድ ብቻ ነበረ። በዚህች ገንዘብ የበሽተኞቹ ሥዕል ያለበት ወረቀት አሳትሞ በአፍሪቃ ልዩ ልዩ ክፍል ለሚገኙ የመንግሥትና የሚሲዮን ሆስፒታሎች ላከ። ጥያቄው ይህን በሽታ አይታችኋል ወይስ አላያችሁም የሚል አጭር ጥያቄ ነበረ። መልሱ ሲመጣ በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ የበሽታውን አገር ከሌላው ለየ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። «አይተናል» የሚለው መልስ ጠቃሚ እንደ ነበረ ሁሉ፣ «አላየንም» የሚለውም መልስ ከእርሱ ያላነሰ ጠቃሚ ነበረ፤ የበሽታው ወሰን የሚታወቀው በሁለቱ መካከል ነውና። ምንም መልስ ያልመጣበት ስፍራ ግን በሽታው የሌለበት ይሁን፣ ወይም ሐኪሙ ያልጻፈበት ይሁን፣ ከካርታው ሊለይ አይችልም። በርኪት በ1961 ዓ.ም. ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በአሮጌ መኪና ተነሥቶ 10 ሳምንት ያህል በመጓዝና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል በማቋረጥ ወደ 60 የሚጠጉ ሆስፒታሎችን በአካል ጐበኘ፤ የበሽታውን ወሰን በዓይኑ አይቶ አረጋገጠ። ዕጢው የሚበዛው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ ሆኖ ተገኘ። በኬንያም በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብና በባሕር ጠረፍ ሲታይ፣ ናይሮቢ ባለችበት ደጋ ግን እምብዛም አይታይም። በናይሮቢም ፒተር ክሊፎርድን የመሰሉ ሐኪሞች ይህን ዕጢ በመድኃኒት ለማከም ከመጀመሪያዎቹ ጋር ደከሙ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ኤፕስታይንና ጓደኞቹ በዚሁ ዕጢ ውስጥ ቫይረስ ማግኘታቸውን በለንደን አስታወቁ። የዚህ ሁሉ መነሻው አንድ አጭር ጥያቄና መልስ ለመጻፍ ያልሰነፉ የገጠር ሐኪሞች ናቸው።

መልስ የማይሰጠው ሰው ከሚሰጠው ሰው በምን ይለያል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ከእንግሊዝ አገር የተገኘ ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ1951 ዓ.ም. በመዝገብ ላይ ስማቸው ለተጻፈ ወደ 59,600 ለሚጠጉ የእንግሊዝ ሐኪሞች ስለ ትምባሆ ማጨስ የሚጠይቅ አጭር ወረቀት በፖስታ ላኩ። ከ40,000 የሚበልጡት መለሱ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ማለት ነው። ከመለሱትም መካከል 34,439 ወንዶች ሐኪሞች 50 ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው። በ2004 ዓ.ም. የታተመው የመጨረሻው ውጤት ሲጋራ የማይተው አጫሽ ከማያጨሰው ሰው ይልቅ ዕድሜው 10 ዓመት ያህል እንደሚያጥር ገለጠ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ እንግዳ ነገር ታይቶ ነበር፤ የመለሱት ሐኪሞች ሞት ከጠቅላላው የአገሩ ሐኪሞች ሞት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአልጋ ላይ የወደቀ ሰው የጥያቄ ወረቀት ሞልቶ አይልክም። ዶልና ሂል ይህን አልሸሸጉም፤ ሁለቱን ቍጥሮች ጐን ለጐን አስቀምጠው ለአንባቢ አስረዱ። ሥራቸው እስከ ዛሬ የታመነበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ዝም የሚለው ሰው እንደ መላሹ ያለ ሰው ነው ብሎ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው። በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫ 10 ሚሊዮን ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ መልስ ተቀበለ፤ ከዚያም ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። የመልሱ ብዛት ጋዜጣውን ከሐፍረት አላዳነውም፤ ወረቀቱ የተላከላቸው ሰዎች ስም የተሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበረና፣ ከእነዚያም ውስጥ የመለሱት ካልመለሱት የተለዩ ነበሩና ነው።

ለሐኪሞችና ለሌሎች የጤና ሠራተኞች በፖስታ የተላኩትን ጥያቄዎች የመረመሩ ሰዎች የደረሱበት ቍጥር ይህን ይመስላል። በ1997 ዓ.ም. በታተመ አንድ ምርመራ ለሐኪሞች የተላከው ጥያቄ መልስ ያገኘው በአማካይ ከመቶ 54 እጅ ሲሆን፣ ሐኪም ላልሆኑት የተላከው ከመቶ 68 እጅ ነበረ። በ2009 ዓ.ም. የታተመው ሌላ ምርመራ ደግሞ ከ1996 እስከ 2005 ዓ.ም. የተሠሩትን 350 ጥናቶች ተመልክቶ አማካዩ ከመቶ 57.5 እጅ መሆኑን አመለከተ። እንግዲህ ከአሥር ደብዳቤ አራቱ ያህል መልስ ሳያገኝ ይቀራል ማለት ነው፤ ይህም በፖስታ ሥራቸው እጅግ በተደራጁ አገሮች ጭምር ነው።

አሁን ወደ ናይሮቢ እንመለስ። በኬንያ ደብዳቤ እንደ ኤውሮፓ ከተሞች ከቤት ወደ ቤት አይታደልም፤ ወደ ፖስታ ሣጥን ይገባል እንጂ። ሣጥኑም ብዙ ጊዜ የሠራተኛው ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ነው። ነርሷ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው በተዛወረች ጊዜ በስሟ የመጣው ደብዳቤ በቀድሞው ሣጥን ይቀራል። ጠያቂው ግን ይህን አያውቅምና «አልመለሰችም» ብሎ ይጽፋታል፤ ያልደረሰውና የደረሰው ሳይለይ በአንድ ዓምድ ይደመራል። ከዚህም በላይ በ2010 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕክምናው ሥራ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ካውንቲ ለሚባሉት 47 ግዛቶች ተላልፏል። ስለዚህ በናይሮቢ ያለው ሚኒስቴር በሩቅ አገር ያለውን የሆስፒታል ሐኪም እንደ ቀድሞው እንደ ራሱ ሠራተኛ ሊያዘው አይችልም፤ ሊጠይቀው ግን ይችላል። ትእዛዝ ያጠረበት ሹም ጥያቄውን ማሳመር ይገባዋል።

ደግሞም ከዚያው ከኬንያ ሊመሰገን የሚገባው አሠራር አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ጣቢያዎቹ ወርኃዊ ሒሳብ በኮምፒዩተር ተጠቃሎ በናይሮቢ እንዲታይ ተደርጓል። ነርሷ በወረቀት የሞላችው ጽሑፍ ወደ አካባቢው የጤና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ በዚያም ወደ ማኅደሩ ይገባል። የዚህ አሠራር ብልኀት የመጡትን ጽሑፎች መደመሩ ብቻ አይደለም፤ ሊመጡ ይገባቸው የነበሩትንም ቈጥሮ ከመቶ ስንት እጅ እንደ መጣ ለተመልካቹ ማሳየቱ ነው። የጐደለው በጐደለበት ስፍራ ይታያል።

ይህ ብልኀት ለምን እንደሚያስፈልግ የ2017 ዓ.ም. ሁኔታ ያስረዳል። የኬንያ የመንግሥት ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ 100 ቀን ያህል ሥራ አቁመው ነበር። ያ ካለቀ በኋላ ነርሶቹ ከሰኔ እስከ ኅዳር አምስት ወር ያህል ሥራ አቆሙ። በእነዚያ ወራት ከአንድ የተዘጋ ጤና ጣቢያ ስለ ወባ ወይም ስለ ወሊድ ምንም ቍጥር ባይመጣ፣ ወባ ጠፋ፣ ሴቶችም መውለድ ተዉ ሊባል ነውን? የተዘጋ በር ቍጥር አይጽፍም። ባዶውን ቦታ እንደ ዜሮ የሚቈጥር ጸሐፊ በሽተኛውን ከመዝገብ ያጠፋዋል፤ ከሕመሙ ግን አያድነውም።

በዓለም የጤና ድርጅት መሪነት የልጆች ሽባነት በሚጠበቅበት ሥራ ይህ ነገር ቀድሞ ታውቋል። ጤና ጣቢያው በሳምንቱ ውስጥ አንድም በሽተኛ ባያይ «ዜሮ» ብሎ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ዜሮ መልስ ነው፤ ባዶ ቦታ ግን መልስ አይደለም። ይህን ልዩነት የተረዳ መሥሪያ ቤት ግማሹን ችግር አሸንፏል።

በዚህ ነገር የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ በግልጽ እንናገር። በአንድ ግዛት ውስጥ አሥር ጤና ጣቢያዎች አሉ እንበል። አራቱ በከተማ አጠገብ ናቸው፤ ጸሐፊ አላቸው፤ ፖስታ ቤትም ይቀርባቸዋል። ስድስቱ በሩቅ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው አንዲት ነርስ ብቻ አለች፤ እርሷም ታዋልዳለች፣ ትከትባለች፣ መድኃኒት ታድላለች። በዓመቱ የሚያስፈልጋችሁን መድኃኒት ጻፉ የሚል ወረቀት ሲላክ አራቱ ይመልሳሉ፤ ስድስቱ ዝም ይላሉ። ሹሙ በአራቱ መልስ ይገዛል፤ ነጋዴውም በዚያው ልክ ያስመጣል። በዓመቱ መጨረሻ በከተማው መጋዘን የመድኃኒቱ ጊዜ ያልፍበታል፤ በሩቁ ጤና ጣቢያ ግን ሕፃን መድኃኒት አጥቶ ይሞታል። ሹሙ መዝገቡን ገልጦ «በተጠየቀው መሠረት ገዝቻለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ዝም ያሉት ግን ችግር ያልነበረባቸው ሳይሆኑ ችግሩ የጸናባቸው ነበሩ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። እኛ ደግሞ በሽታውን የሚናገርበት ጊዜ ላጣውስ ማን ይናገርለት? ብለን እንጠይቃለን።

ስለዚህ ጠያቂው ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህም በግምት የሚመለስ አይደለም፤ በፈተና ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጽሑፍ 292 ፈተናዎችን አንድ ላይ መርምሮ መልስን የሚያበዛው ምን እንደ ሆነ አስታወቀ። አጭር ወረቀት ከረጅሙ ይሻላል። ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት ይመጣል ብሎ ማስታወቅ ይጠቅማል። መልስ ላልሰጠው ሰው ማስታወሻ መላክ፣ ከማስታወሻውም ጋር የጥያቄውን ወረቀት ደግሞ መስደድ ይረዳል። ቴምብር የተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ አብሮ መላክ መልካም ነው። ጥቂት ገንዘብ አብሮ የተላከ እንደ ሆነ መልሱ በጣም ይጨምራል፤ ይልቁንም ገንዘቡ መልሱ ከመጣ በኋላ የሚሰጥ ሳይሆን ከጥያቄው ጋር አስቀድሞ የተላከ ሲሆን ነው። ነጋዴ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ አስቀድሞ መታመን መታመንን ያመጣልና።

እኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ የምናስቀድመው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ለመለሰው ሰው ውጤቱን መልሶ መላክ ነው። አንድ ሐኪም አምስት ጊዜ ተጠይቆ አምስት ጊዜ ቢመልስ፣ ከመልሱም ምን እንደ ተገኘ አንድ ጊዜ እንኳ ባይነገረው፣ ስድስተኛውን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ቢጥለው ልንፈርድበት አንችልም። ዘወትር የሚቀበልና ከቶ የማይመልስ ባልንጀራ በሰፈር እንዴት እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ልመና ለምን ያስፈልጋል? ሐኪሙ በየዓመቱ የሥራ ፈቃዱን ሲያሳድስ ጥያቄውን ካልሞላ ፈቃድ አይሰጠው» ይላሉ። ስምና አድራሻን በዚህ መንገድ ማደስ ተገቢ ነው፤ ደብዳቤ ወደ ቀድሞ ሣጥን እንዳይሄድ ያደርጋልና። አሳብንና የሥራን ጕድለት ግን በግድ ማስጻፍ አይቻልም። የተገደደ ሰው ወረቀቱን ይሞላዋል፤ የሚሞላው ግን እውነቱን ሳይሆን ከነገር የሚያወጣውን ነው። ባዶ ቦታ ቢያንስ አያታልልም፤ በፍርሃት የተሞላ ወረቀት ግን እውቀት መስሎ ያታልላል።

ሌሎች ደግሞ «የፖስታ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ በናይሮቢ እያንዳንዱ ሐኪም በኪሱ ስልክ ይዟል፤ በስልክ ይጠየቅ» ይላሉ። በስልክና በኮምፒዩተር መጠየቅ ወጪን ይቀንሳል፤ ያፋጥናልም። ነገር ግን በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ምርመራዎች እንደሚያሳዩት ሐኪሞች በኮምፒዩተር ለሚመጣ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ በፖስታ ለሚመጣው ከሚሰጡት በጠቅላላው ያንሳል። ምክንያቱም ለጠያቂው የቀለለው ነገር ለተጠያቂውም ማጥፋቱ ቀሏል። መንገዱ ተለወጠ እንጂ የሰው ጠባይ አልተለወጠም፤ ረጅምና ዋጋ ቢስ ጥያቄ በስልክም ቢመጣ ያው ረጅምና ዋጋ ቢስ ነው።

የተጠያቂውንም ግዴታ ሳናነሣ አናልፍም። ሐኪም፣ ነርስና የመድኃኒት ነጋዴ ከሕዝቡ ተለይተው የሚያውቁት ነገር አለ፤ ያንን እውቀት ለብቻቸው ይዘው ሲኖሩ አገር በጨለማ ይተዳደራል። በርኪት የላከውን ወረቀት የተቀበለ የገጠር ሐኪም «ሥራ አለብኝ» ብሎ ቢጥለው ኖሮ ማንም አይከሰውም ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ ሁለት ቃል ጽፈው መለሱ፤ ያቺ ሁለት ቃልም ለብዙ ሕፃናት የመዳን መንገድ ለመክፈት ረዳች።

እንግዲህ አስተዳዳሪዎቻችንና ነጋዴዎቻችን ከዚህ የናይሮቢ ምሳሌ አንድ ልማድ እንዲይዙ እናሳስባለን። በጥያቄና በመልስ የተገኘ ጽሑፍ በጠረጴዛችሁ ላይ በቀረበ ጊዜ ውጤቱን ከማንበባችሁ በፊት ሦስት ቍጥሮች ጠይቁ፤ ስንት ተላከ? ስንቱ ደረሰ? ስንቱ መለሰ? ሦስቱ ካልተጻፉበት ጽሑፉን ለጸሐፊው መልሱለት። ሦስቱም ተጽፈው መልሱ ጥቂት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ገንዘብ ከመውጣቱና መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት ዝም ካሉት መካከል ጥቂቶቹን መርጣችሁ ሰው ላኩባቸው፤ ደጃቸው ድረስ ሄዶ ይጠይቃቸው። ምናልባት ሳይመልሱ የቀሩት ሥራው ስለ በዛባቸው፣ ደብዳቤውም ስላልደረሳቸው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከአራት መቶው መልስ ይልቅ የእነርሱ ጥቂት ቃል እውነቱን ያሳያችኋል።